እሱ ነው

ችሎቱ ተነሣ። በሁለት ባጃጅ፣
ከፒያሳ ቁልቁል፣ ወደ ሆስፒታል ደጅ።
ዳኛዋ ካባቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣
ዐቃቤ ሕጉና ጠበቃው ተኳርፈው፣
እኔ ከመዝገቤ፣ ከአንዲት እስክሪብቶ፣
ተከሳሹ ኋላ፣ እጁ ካቴና ገብቶ።

ሐኪሙ ጽፈዋል፦ "ሳምንት ከቆዩ ነው።"
ሕጉም ይፈቅዳል፤ ሰው መቆም ሲያቅተው፣
ችሎት ነው ሄዶ አልጋ ሥር የሚቆመው።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የወንዶቹ ክፍል፣
አልጋ ቁጥር ዘጠኝ፣ በመስኮቱ በኩል፣
ጋሽ አዛናው ናቸው፣ የሳሙና በር ወፍጮ ዘበኛ፣
የእህል ብናኝ የሠላሳ ዓመት ጓደኛ።
ደረታቸው ያንኳኳል፣ ቀበቶው ላልቶበት
ሊቆም እንደሚል ወፍጮ፣ እህል እንዳለበት።

ካባው ከፌስታል ወጣ፤ ክፍሉ ችሎት ሆነ፤
ባለአልጋ ዐሥሩ ራዲዮኑን በብርድ ልብስ ከደነ።
የተከሳሽ ሣጥን የለም። ፖሊሱ ዞር ዞር አለና፣
ከራስጌው አቆመው፣ ከውሃው ጆግ አጠገብ፣ ከነካቴና።
"ቀኝ እጅዎን" ቢባሉ፣ ግሉኮስ ገብቶበት፣
ግራቸውን አነሡ፤ ጠበቃውም ሳይሞግትበት።

"በጥቅምት፣ በሌሊት፣ ከወፍጮው ደጃፍ ላይ፣
ዋሴ ሲመታ ነበሩ። አላዩም ወይ?
ማነው?" አለ ዐቃቤ ሕጉ።

ጋሽ አዛናው ዝም።
ከንፈራቸው ተላቀቀ፣ ተጣበቀ፣ ተላቀቀ።
"ውሃ።"

ቅርብ የነበረው ተከሳሹ ነው።
በታሰረ ሁለት እጁ ጆጉን አነሣው፤
ሰንሰለቱ ብርጭቆውን ነካ፣ አንዴ፣ እንደ ቃጭል።
በክንዱ አንገታቸውን ደገፈ።
ፉት አሉ። ደገሙ።

በሩ ተበረገደ፤ ሲስተር ገባች፣
"በአፋቸው ምንም አይገባም ብያለሁ! ማነው?" ብላ ጮኸች።
ዐቃቤ ሕጉም በዚያው ትንፋሽ ደገመ፦
"ማነው?"
ሁለት ጥያቄ ባንድ አየር ላይ ቆመ።

ጋሽ አዛናው ጣታቸውን ወደ ራስጌው አነሡ፣
"እሱ ነው" አሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ተነፈሱ።

ጻፍኩ።
ጥያቄ፦ ማነው?
መልስ፦ እሱ ነው
አራት ነጥብ አኖርኩበት።
እስክሪብቶ ነጥብ ይወዳል፤ ሲያርፍ ያመቸዋል፣ ሲቆምበት።

"ይብራራ" አሉ ዳኛዋ።
እንቅልፍ ቀድሟቸዋል።
የሰው ዓይን ይተኛል እንጂ፣ አውራ ጣት ይነቃል፤
ለውሃ ቅጹ ላይ የተተወ መስመር የለም፣
ለሲስተሯ የለም፣ ለቃጭሉ የለም፤
ጣታቸውን ይዤ ነከርኩት በቀለም።

እሑድ ሌሊት አረፉ።

የካቲት ሲጠባ ችሎቱ ከቤቱ ገባ፤
ካባው ተተኩሷል። ተከሳሹም ሣጥኑን አገኘ።
እኔ አነበብኩ፣ በጠራ ድምፅ፣ ሳልደናቀፍ።
ወረቀት አያስልም።
ወረቀት ውሃ አይጠማውም።
"እሱ ነው" ስል አዳራሹ አንዴ አጉረመረመ፣
የዋሴ እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።
ከኋላ ረድፍ ደግሞ አንዲት ሴት ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤
የተከሳሹ ሚስት ናት መሰለኝ።

ያኔ ጠበቃው ተነሣ፦
"ክብርት ዳኛ፣ ከአልጋው አጠገብ ነበርኩ።
መስማቱን ሁላችንም ሰምተናል።
የጻፈው ግን አንድ ሰው ነው።
ጸሐፊው ይጠየቅልን።"

ዳኛዋ ረጅም ጊዜ አዩኝ።
እስክሪብቶዬን ለፈንታነሽ ሰጠኋት፣
አዲስ ገጽ ገለጠች፣ ቀኑን ጻፈች፣
ከመዝገቡ ወዲያ ማዶ ቆምኩ፤
ለካ ከዚህ ሲታይ ጠረጴዛው ከፍ ይላል።

ቀኝ እጄን አነሣሁ፤ መርፌ የለበት፣ ምን የለበት፤
ግን ከበደኝ፣ ያለ ጋሽ አዛናው አጥንት።
"ጥያቄው የማን ነበር?" አለኝ ጠበቃው።
"ያ መልስ፣ ለማን ነው?"

ፈንታነሽ ብዕሯን አቁማ ጠበቀችኝ።
ጉሮሮዬ ደረቀ።
ውሃ ልል ነበር፤
ጆጉ ከዳኛዋ ፊት ነው፣
እሱም ሣጥኑ ውስጥ፣ ሩቅ።